ታሪፉን የሚያወጣው ቦርድ አቤቱታውንም ይሰማል፤ ታዲያ የትንሽ ከተማን ውሃ ማን ይቆጣጠራል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ግቢዬ ውስጥ አራት ተከራይ ቤተሰቦች አሉ፣ ከእኔ ጋር አምስት። ቆጣሪያችን ግን አንድ ነው። ውሃ በፈረቃ፣ በአስራ አምስት ቀን አንዴ ይመጣል። ዘንድሮ ታሪፉ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ቧንቧው ሲከፈት መጀመሪያ አየር እየነፋ ቆጣሪው ይዞራል። የቆጣሪ ኪራይ ውሃ ባይመጣም ይከፈላል። አሁን ደግሞ ‹የፍሳሽ› የሚባል ክፍያ ሊጨመር ነው ተብሏል፤ የፍሳሽ መስመር ግን የለንም። መብራት ተቆጣጣሪ አለው፣ የውሃውን ማን ይቆጣጠራል? ውሃስ በሕገ መንግሥቱ ነጻ አይደለም ወይ? የቅሬያችን (የዕድራችን) ሰዎች ክፍያ እናቁም እያሉ ነው።»

ክፍያ አታቁሙ። ምክንያቱን እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ሁለት የተሳሳቱ ነገሮች ይስተካከሉ።

ውሃ በሕገ መንግሥቱ ነጻ አይደለም። አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል። ያለ ክፍያ ይቅረብ የሚል ቃል የለበትም። በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የቤት ፍጆታ ከመስኖም ከፋብሪካም እንዲቀድም አድርጓል። ይህ ትልቅ መብት ነው፤ ጉድጓዳችሁ ላይ ሌላ ተጠቃሚ ሲመጣባችሁ የምትይዙት እሱን ነው። ቅድሚያ ማግኘት ግን በነጻ ማግኘት አይደለም። የውሃ ፖሊሲው የገጠር ውሃ ቢያንስ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውን እንዲሸፍን፣ የከተማ ውሃ ደግሞ ወደ ሙሉ ወጪ እንዲሄድ ነው ያስቀመጠው። ከተማ ትንሽ ብትሆንም ከተማ ከተባለች የሚመለከታት ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው፣ እንደ መብራቱ ያለ የውሃ ተቆጣጣሪ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሏል የሚለው ግምት ነው። የለም። በመብራት በኩል፣ በ2006 በወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 መሠረት፣ ታሪፉን ከሻጩ ድርጅት ውጭ ያለ ባለሥልጣን መርምሮ ለውሳኔ ያቀርበዋል። በውሃ ይህ ደረጃ ይዘለላል። የውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ፖሊሲና ደረጃ ያወጣል። የክልሉ ቢሮና የዞኑ መምሪያ ይደግፋሉ፣ ይከታተላሉ። ከተማው ላይ ያለው ውሃ አገልግሎት የሚመራው ግን በራሱ ቦርድ ነው። ቦርዱን ብዙ ጊዜ ከንቲባው ይሰበስባል፣ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ይሆናል፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና የነዋሪ ተወካዮች አባል ይሆናሉ። የታሪፍ ጥናቱ ከአገልግሎቱ ይወጣል፣ ወደ ቦርዱ ይሄዳል። እርስዎ ቅሬታ ሲኖርዎት የሚሄዱትም ወደዚሁ ቦርድ ነው።

የችግሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። ሰው ሁሉ ቦርዱ ዋጋ ለመጨመር ይቸኩላል ብሎ ያስባል። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ቦርድ ዋጋ ለመጨመር ይፈራል። የትኛው ከንቲባ ነው በእሱ ዘመን ውሃ ተወደደ እንዲባልለት የሚፈልገው? ስለዚህ ታሪፉ ለዓመታት ሳይነካ ይቀመጣል። በነዚያ ዓመታት ጥገና ይዘለላል፣ ቆጣሪ አይቀየርም፣ ለመለዋወጫ ተብሎ የሚቀመጥ ገንዘብ አይኖርም። አንድ ቀን ፓምፑ ይቃጠላል። ያኔ ታሪፉ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ቢኖር ጭማሪውን ብቻ ሳይሆን ማዘግየቱንም ይጠይቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋጋው። ከእጥፍ በላይ መጨመሩ ብቻውን ማጭበርበር መኖሩን አያሳይም። ብር በገበያ እንዲመራ የተወሰነው በሐምሌ 2016 ነው። ፓምፕ፣ ቆጣሪና ብዙው መለዋወጫ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋቸው ወዲያው ተሰቅሏል። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። ውሃዋን ከተራራ ምንጭ በስበት የምታወርድ ከተማ ይህ ብዙም አይነካት ይሆናል። ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ የምትስብ ከተማ ግን በቀጥታ ይመታታል።

ሒሳቡን ልሥራልዎት፣ ምክንያቱም ቦርዱን የምትጠይቁት በዚህ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 150 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት በተፈጥሮ ሕግ ብቻ 0.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ፓምፕና ሞተሩ አብረው ከሚወስዱት ኃይል ግማሹን ብቻ ወደ ሥራ ከቀየሩት (ያረጀ ፓምፕ ከዚህም ይብሳል) ፍጆታው ወደ 0.8 ይደርሳል። አሁን ከመቶው 40 እጁ መንገድ ላይ ይጠፋል እንበል። ለእርስዎ የተሸጠችው አንዷ ሜትር ኩብ የጠፋውንም ተሸክማ ትመጣለች፤ ፍጆታዋ 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ከሆነ ደግሞ አንድ ሊትር ናፍጣ የሚሰጠው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ለያንዳንዷ ለተሸጠች ሜትር ኩብ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ነደደ ማለት ነው። ደመወዝ፣ ክሎሪን፣ ጥገና፣ ብድር ካለ ብድር ከዚህ በላይ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ያ 40 ላይ ነው። ብክነት ሲባል መሬት ውስጥ የፈሰሰው ብቻ አይደለም። ቆጣሪው ስላረጀ ያልተቆጠረው፣ በሕገወጥ መንገድ የተቀጠለው፣ ሳይከፈል ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሄደው ሁሉ በዚህ ይገባል። የናፍጣ ዋጋ በቦርዱ እጅ አይደለም። የመብራትም አይደለም። ብክነቱ ግን በእጁ ነው። ጥሩ ተቆጣጣሪ ቢኖር የመጀመሪያ ጥያቄው «የብክነታችሁን ስንት እጅ ነው ሕዝቡ ላይ የጫናችሁት?» ይሆን ነበር። ተቆጣጣሪ ከሌለ ይህንን ጥያቄ እናንተ ጠይቁት። በ2014 ጦርነቱ በዚህ መስመር ሲያልፍ ብዙ የውሃ ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። «ሰነዳችን ጠፍቷል» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ በኋላ የተመረተውና የተሸጠው ውሃ መዝገብ ሊኖር ይገባል። ከጉድጓዱ ራስ ላይ ቆጣሪ ከሌለ ደግሞ ብክነቱን ራሳቸውም አያውቁትም፤ ከማንኛውም ጭማሪ በፊት መገዛት ያለበት ያ ቆጣሪ ነው።

ስለ እርከን ታሪፍ፦ እርስዎ በጥያቄዎ በቀጥታ አላነሱትም። ነገር ግን የግቢዎን ሒሳብ ከምንም በላይ የሚያንረው እሱ ይመስለኛል። የእርከን ታሪፍ የተፈለገው ለድሃው ነው። ትንሽ የሚጠቀም በርካሽ፣ ብዙ የሚጠቀም በውድ ይከፍላል። ሐሳቡ አንድ ቤት አንድ ቆጣሪ አለው ብሎ ይነሳል። በወሎ ትንንሽ ከተሞች ግን ቆጣሪ ያለው አከራዩ ነው፤ ተከራዩ ከግቢ ቧንቧ ነው የሚቀዳው። ከ20 ሺህ በታች ነዋሪ ላላቸው ከተሞች በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ነበር። በግቢዎ አምስት ቤተሰብ፣ በያንዳንዱ አራት ሰው አለ እንበል፦ 20 ሰው። በወር 24 ሜትር ኩብ ይሆናል። የመጀመሪያው ርካሽ እርከን እስከ 5 ሜትር ኩብ ከሆነ፣ ግቢዎ እሱን አልፎ፣ የመካከለኛውንም አልፎ፣ እንደ ትልቅ ሆቴል በውዱ ዋጋ ይከፍላል። ለያንዳንዱ ቤተሰብ ሲካፈል ግን የሚደርሰው 4.8 ነው። አምስቱም በርካሹ እርከን መግባት ነበረባቸው!

ይህ ነገር በጣም ያንገበግበኛል። ለድሃ የተሠራው ቅናሽ ብቻውን በሚኖረው ባለ ቆጣሪ እጅ ይገባል። አንድ ክፍል ተከራይታ ልጆች የምታሳድገው ሴት የሀብታሙን ዋጋ ትከፍላለች፤ አንዳንዴም አከራዩ የራሱን ይጨምርባታል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ቀበሌው በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙትን አባወራዎች ቆጥሮ ያረጋግጣል፣ አገልግሎቱም እርከኑን በቁጥራቸው ያባዛል። አምስት አባወራ ከሆነ የመጀመሪያው እርከን 25 ሜትር ኩብ ይሆናል ማለት ነው። ገቢ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ቀሪው ከንግድና ከትልልቅ ተጠቃሚዎች እርከን ሊካካስ ይችላል። እርስዎም በበኩልዎ ቢሉን ግቢ ውስጥ ለጥፈው ለተከራዮችዎ በግልጽ ያካፍሉ።

አየሩ እውነት ነው። ቆጣሪው ውስጥ ያለችው ትንሽ መዘውር በውሃም በአየርም ትዞራለች። ፈረቃ ሲደርስ ባዶው መስመር በውሃ ሲሞላ አየሩ በየቤቱ እየወጣ ቆጣሪ ያዞራል። ትክክለኛው መፍትሔ በመስመሩ ከፍታ ቦታዎች ላይ የአየር መልቀቂያ ቫልቭ ማስቀመጥ ነው፤ ይህ የአገልግሎቱ ሥራ ነው። እስከዚያው ወደ ሮቶ የሚወስደውን ቫልቭ ዘግተው ይጠብቁ፤ የመንገዱ ውሃ በደንብ መምጣቱን ከጎረቤት ሲሰሙ ይክፈቱ። ሮቶው ባዶ ሲሆን መንሳፈፊያው ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ አየሩን ሁሉ የሚያሳልፈው እሱ ነው። ነገር ግን የአየሩን ድርሻ ከመጠን በላይ አያግዝፉት። ብዙ ጊዜ ሒሳቡን የሚያሳብጠው የእርከኑ ጉዳይ ወይም ግቢ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ነው። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተው ቆጣሪውን ይመልከቱ። ፊቱ ላይ ያለችው ትንሿ ኮከብ ከዞረች ውሃው የሚፈሰው ከእርስዎ ግቢ ነው። ቆጣሪውን ራሱን ከተጠራጠሩ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አስር ጊዜ ሞልተው ንባቡን ያወዳድሩ፤ 200 ሊትር ማሳየት አለበት። ጄሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ስለሚበልጥ እስከ ምልክቱ ብቻ ይሙሉ። ልዩነቱ ከመቶ አስር ካለፈ ቆጣሪው እንዲፈተሽ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ፓምፕ በቀጥታ ከመስመሩ ላይ አይግጠሙ። ፓምፑ ባዶውን ቧንቧ ሲስብ በየስንጥቁ ያለውን ቆሻሻ ውሃ ይዞ ይገባል። የሽንት ቤት ጉድጓድና የውሃ መስመር ጎን ለጎን በሚሄዱበት ከተማ ይህ ልጅ ይገድላል። በፈረቃ መጀመሪያ የሚመጣውንም ውሃ ለመጠጥ አይቅዱ። ለልብስ ይሁን። የሚጠጣውን ያፍሉት ወይም በውሃ አጋር ያክሙት።

የቆጣሪ ኪራዩን በተመለከተ ባጭሩ፦ ቋሚ ክፍያ በራሱ ስህተት የለበትም። የቆጣሪ አንባቢው ደመወዝና የመስመሩ ጥገና ውሃ በማይመጣበት ወርም አይቆምም። ሆኖም አንድ ወር ሙሉ ውሃ ላላገኘ ሠፈር ቋሚ ክፍያው እንዲሰረዝ ቦርዱ መወሰን ይችላል። መብታችን ነው ብላችሁ ሳይሆን ይወሰንልን ብላችሁ ጠይቁ።

ክፍያ አታቁሙ ያልኩት ለዚህ ነው። ካቆማችሁ መጀመሪያ የሚቆረጠው የእናንተው መስመር ነው፤ ማስቀጠያ ደግሞ ሌላ ክፍያ አለው። ሁሉም ካቆመ አገልግሎቱ ናፍጣና ክሎሪን መግዣ ያጣል፣ ፈረቃው ከአስራ አምስት ቀን ወደ ወር ይሄዳል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጥያቄያችሁን ወደ ዕዳ ትቀይሩታላችሁ። ቦርዱ «ስለ ብክነቱ መልሱ» ሲባል «መጀመሪያ ውዝፉን ክፈሉ» ይላል።

በፍርድ ቤት እንሂድ የሚል ካለም ይጠንቀቅ። ፍርድ ቤት ውልና ሥርዓት መጣሱን ሊያይ ይችላል እንጂ ታሪፍ አያወጣም። በ2012 የወጣውን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የሚጠቅሱ ሰዎች አጋጥመውኛል። እሱ የወጣው ለፌዴራል ተቋማት ነው። የከተማችሁ ውሃ አገልግሎት የክልል ተቋም ስለሆነ አይደርስበትም። በሽማግሌ፣ በአበጋር እንየው ማለትም ለሰው ጠብ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ይህ ወረቀት የሚፈልግ ጉዳይ ነው።

የምመክረው ይህንን ነው። ቅሬያችሁ ተደራጅቷል፣ ዳኛ አለው፣ አባላቱ ይታወቃሉ። ከሌሎች ቅሬዎች ጋር ሆናችሁ አንድ ደብዳቤ ለቦርዱ ጻፉ። ብሶት አታብዙበት፤ ሰነድ ጠይቁበት። የታሪፍ ጥናቱ ይሰጠን። ባለፈው ዓመት የተመረተውና የተሸጠው ውሃ መጠን ይነገረን። የአገልግሎቱ ሒሳብ መቼ ኦዲት እንደተደረገና ገንዘቡ ከከተማው ካዝና ተለይቶ የተያዘ መሆኑ ይገለጽልን። ታሪፉ የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ ይታየን። የነዋሪ ወኪል ተብለው ቦርዱ ውስጥ የተቀመጡት እነማን እንደሆኑና ማን እንደመረጣቸው ይነገረን። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ያዙ። ግልባጭ ለከተማው ምክር ቤት፣ ለዞኑ ውሃና ኢነርጂ መምሪያና ባሕር ዳር ለሚገኘው የክልሉ ቢሮ ይድረስ። በአንድ ወር ውስጥ መልስ ካልመጣ ወይም ሰነድ ከተከለከላችሁ ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ። ተቋሙ በ1992 በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነቱ የአስተዳደር በደል ነው። ዋጋ አይቀንስላችሁም፤ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል። ግን ማኅተም ያለበት ደብዳቤው ሲመጣ ቢሮ ሁሉ ፋይሉን ይከፍታል።

ሰነዱ ሲመጣ ጭማሪውን በጅምላ አትቃወሙ። በቅድመ ሁኔታ ተቀበሉት። ጭማሪው በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይሁን። ሁለተኛው ዙር የሚጀምረው የፈረቃ ፕሮግራሙ ተለጥፎ ከተከበረ፣ የጉድጓድ ቆጣሪው ከተገጠመ፣ ብክነቱ በተስማማችሁበት መጠን ከቀነሰ፣ እርከኑም በአባወራ ቁጥር ከተባዛ ብቻ ይሁን። ይህ በጽሑፍ ይፈረም፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ተቆጣጣሪ ተቋም ባይኖርም ተቆጣጣሪ ሰነድ ይኖራችኋል።

ሌላ አገርስ? ዛምቢያ በ1997፣ ኬንያ በ2002 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጧቸው ሕጎች ራሱን የቻለ የውሃ አገልግሎት ተቆጣጣሪ አቋቁመዋል። ታሪፍ ያጸድቃሉ፣ አገልግሎቶችን እያወዳደሩ ደረጃቸውን ያትማሉ። አሜሪካ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የግል የውሃ ኩባንያዎችን ታሪፍ የየክልሉ ኮሚሽን ይወስናል፤ የከተማ አስተዳደር የሚያስተዳድራቸውን ግን አብዛኞቹ ክልሎች ለከተማው ምክር ቤት ነው የተዉት። ዊስኮንሲን ለየት ትላለች። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1907 ጀምሮ የከተሞቹም ውሃ ታሪፍ በክልሉ ኮሚሽን ያልፋል። ለትንንሾቹ ቀለል ያለ መንገድም አበጅታለች፤ ሙሉ ጥናት ሳያስፈልግ በዋጋ ንረት ልክ አነስ ያለ ማስተካከያ ያደርጋሉ። ለእኛ የሚያስፈልገው ይህ ነው እላለሁ። ለየከተማው ተቆጣጣሪ ማቋቋም አይቻልም፤ ሁለት ሺህ ደንበኛ ያለው አገልግሎት አንድ መሐንዲስና አንድ ሒሳብ አዋቂ መቅጠሩም ይከብደዋል። በክልል ደረጃ አንድ ገለልተኛ አካል ይኑር። ትንሽ ትንሽ ዓመታዊ ማስተካከያ ይፍቀድ፣ ትልቁን ይመርምር፣ የየከተማውን ብክነትና ፈረቃ በየዓመቱ ያሳውቅ። ጎረቤት ከተሞችም መለዋወጫ ፓምፕና ባለሙያ በጋራ ይያዙ። በዚያው መንገድ ላይ በቅርብ ርቀት የተደረደሩ ከተሞች እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ፓምፕ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄዳቸው ትክክል አይደለም።

የቀረው የፍሳሽ ክፍያው ነው። መስመር አለመኖሩ ብቻውን ክፍያውን ስህተት አያደርገውም። እንደ እናንተ ባለ ከተማ የፍሳሽ አገልግሎት ማለት የመምጠጫ መኪናና የተመጠጠው የሚራገፍበት ማድረቂያ ቦታ ነው። መኪና የሚገዛበት፣ ወይም ከደሴ በየተራ በውል የሚመጣበት ክፍያ ከሆነ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ጉድጓዱ የሞላበት ሰው ዛሬ ለመኪናው አንድ ምልልስ የሚከፍለውን ያውቃል። ሆኖም ይህ ሥራ በብዙ ከተማ የማዘጋጃ ቤት እንጂ የውሃ አገልግሎቱ አይደለም። ስለዚህ ማን ሊሠራው እንደሆነ በመጀመሪያ ይለይ። ማራገፊያውም የውሃ ቦርድ ብቻ የሚወስነው ጉዳይ አይደለም፤ በ1995 የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ይመለከተዋል፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ሊያየው ይገባል። በኮምቦልቻ በኩል ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገባው የፋብሪካ ፍሳሽ ስንት ዓመት ሲያነጋግር እንደኖረ ታውቃላችሁ። ወንዝ አንዴ መጣያ ከሆነ በኋላ ማስቆም ይከብዳል። ክፍያው ገና «ሊጨመር ነው» ከተባለ አልጸደቀም ማለት ነው። ተቃውሟችሁን በዚህ ሳምንት በጽሑፍ አስገቡ፤ መኪናው የማን እንደሆነ፣ የት እንደሚያራግፍና ቦታውን ማን እንደፈቀደ ሳይገለጽ ክፍያው እንዳይጸድቅ ጠይቁ።